ክሱ ከተነበበ በኋላ ምን ይባላል? መቃወም፣ ማመን፣ "አዎ፣ ግን…"፣ መካድ ወይስ ዝም

ፍርድ ቤት በር ላይ የሚሰጥ ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው "እመን፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል" ይላል። ሁለተኛው "የመጣው ይምጣ፣ እንዳታምን" ይላል። መካሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ክሱን አላነበቡም። የተጠቀሰውን አንቀጽም አላዩም። ተከሳሹ ግን ችሎት ፊት ቆሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚናገረው ነገር ከዚያ በኋላ ያለውን ክርክር ሁሉ አቅጣጫ ያስይዘዋል።

የእምነት ክህደት ቃል፣ ማለትም "ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?" ለሚለው የሚሰጠው መልስ፣ ሲጠየቅ ምርጫው ሁለት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በተግባር አምስት መንገዶች አሉ። እዚህ የማወዳድራቸው በ1954 ዓ.ም የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ሕገ መንግሥቱንና የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ይዤ ነው። የሕጉን ስም ሳልጠራ "አንቀጽ" ብቻ ያልኩት የሥነ ሥርዓት ሕጉን ነው። የአንቀጽ ቁጥር የምጠቅሰው ለጌጥ አይደለም። ጠበቃ ስታናግሩ ቁጥሩን ይዛችሁ ብትጠይቁ ቶሎ ትግባባላችሁ።

በቅድሚያ፣ ፍርድ ቤቱ የሚጠብቀው ቅደም ተከተል

ችሎቱ በፈለገው ቦታ አይጀምርም። መጀመሪያ የተከሳሹን ማንነት ያረጋግጣል። ከዚያ ክሱ ይነበባል። ቀጥሎ "በክሱ ላይ መቃወሚያ አለህ?" ተብሎ ይጠየቃል (አንቀጽ 129)። መቃወሚያ ካለ በእሱ ላይ ብይን ይሰጣል። "ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው (አንቀጽ 132)። ችሎቱ በሥራ ብዛት የመቃወሚያውን ጥያቄ ቢያልፈው "ክቡር ፍርድ ቤት፣ መቃወሚያ አለኝ" ማለት ድፍረት አይደለም። መብት ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ደግሞ ሌሎች ነገሮችን ያስቀምጣል። ክሱ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ ማየት ይችላል። ችሎቱ የሚሠራበትን ቋንቋ የማይሰማ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቀርብለታል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። እነዚህ ሳይሟሉ የትኛውንም መንገድ መምረጥ አያስፈልግም። "ክሱን አንብቤ ጠበቃ እንዳማክር አጭር ቀጠሮ ይሰጠኝ" ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

በምን እንመዝናቸው?

አምስት ጥያቄዎችን እጠቀማለሁ። ዐቃቤ ሕግ የማስረዳት ሸክሙ ይቀርለታል ወይስ እንዳለ ይቆያል? ቅጣቱ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? ነገሩ ካልተሳካ ይግባኙ ምን ያህል ይተርፋል? ሐሳብ ቢቀየር መመለስ ይቻላል? ጊዜውና ወጪውስ?

ብዙ ሰው የሚያየው ሁለተኛውንና አምስተኛውን ነው፤ ቅጣትና ጊዜ። እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለመመለሻው ነው። ቅጣት ቢከብድ ይግባኝ አለ። ቀጠሮ ቢረዝም ያልፋል። አንዴ መዝገብ ላይ የሰፈረ እምነትን ለማንሳት ግን የዳኛው በጎ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አንደኛ፦ መቃወሚያ ማቅረብ

መቃወሚያ "አላደረግሁም" ማለት አይደለም። "ይህ ክስ እንዲህ ሆኖ መቅረብ የለበትም" ማለት ነው። አንቀጽ 130 ምክንያቶቹን ይዘረዝራል። ክሱ ወንጀሉን፣ ጊዜውን፣ ቦታውን ወይም ተጎጂውን በግልጽ ካላስቀመጠ መቃወም ይቻላል። ጉዳዩ በሌላ ፍርድ ቤት እየታየ ከሆነ፣ በዚሁ ነገር ከዚህ በፊት ፍርድ ከተሰጠ፣ በይርጋ (ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በማለፉ) ከታገደ ወይም በይቅርታ ወይም በምሕረት ከቀረም እንዲሁ። ብዙ ሰዎች በአንድ መዝገብ ሲከሰሱ ደግሞ "ከእነሱ ጋር አብሮ መታየቱ መከላከያዬን ያበላሽብኛል፣ ክሱ ይነጠልልኝ" ማለት ይቻላል።

ይርጋን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በመቀጮ ወይም ከ1 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው 3 ዓመት ነው (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 217)። ወንጀሉ ሲከብድ ጊዜውም ይረዝማል፤ እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። የድሮ ጠብ ድንገት ተቀስቅሶ ክስ ሆኖ ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ቀኑ ነው።

የዚህ መንገድ ጥሩ ጎን ምንም አለማሳጣቱ ነው። መቃወሚያው ውድቅ ቢሆን ተከሳሹ ወደ እምነት ክህደት ያልፋል፤ ማመንም መካድም አሁንም በእጁ ነው። መጥፎ ጎኑ ደግሞ አጉል ሲሆን ጊዜ መብላቱ ነው። አንቀጽ 118 በክስ ላይ ያለ ትንሽ ስህተት ተከሳሹን እስካላሳሳተው ድረስ ክሱን አያበላሽም ይላል። የስም ፊደል ተሳስቷል ብሎ ሁለት ቀጠሮ ማባከን ትርፉ ድካም ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የክስ ጉድለትን ማሳየት አንዳንዴ ለዐቃቤ ሕግ ክሱን በነጻ ማረም ነው። ክሱ ተሻሽሎ፣ ጠንክሮ ይመለሳል። ስለዚህ ጉድለቱ መከላከያችሁን የሚያደናቅፍ ካልሆነ ጠበቃችሁን "ይህን አሁን ብናነሳው ማንን ይጠቅማል?" ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛ፦ ማመን

ሕጉ የሚያውቀው እምነት ሙሉ ነው። በአንቀጽ 134 መሠረት ተከሳሹ በክሱ ላይ የተገለጸውን የወንጀል ፍሬ ነገር ሁሉ ያለ ምንም ማስተባበያ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ዳኛው ከተጠራጠሩ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን እንዲያሰማ ማዘዝ ይችላሉ።

የሚገኘው ምንድን ነው? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን፣ ጥፋትን ማመንንና ተጎጂን መርዳትን ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች ውስጥ ይቆጥራል። ጉዳዩም ቶሎ ያልቃል። ማስረጃው የማያፈናፍን ከሆነ፣ ተጎጂው ከተካሰና ተከሳሹ የተባለውን በትክክል ፈጽሞ ከሆነ ይህ መንገድ አዋጭ ነው። እንዲያውም በእንዲህ ያለ መዝገብ ክዶ ወር መቁጠር ምንም አይፈይድም።

የሚከፈለው ዋጋ ግን አለ። ዐቃቤ ሕግ አንድም ምስክር ሳይቆጥር ይረታል። በእምነቱ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ላይ እንጂ በጥፋተኝነቱ ላይ አይደለም። መመለሻው ጠባብ ነው። አንቀጽ 135 ፍርድ ቤቱ "ይህ እምነት እንደ ክህደት ሊመዘገብ ይገባው ነበር" ብሎ ካመነ እንዲለውጠው ይፈቅዳል፤ የተሰጠ ፍርድም ካለ ይነሳል። ያም ቢሆን ውሳኔው የፍርድ ቤቱ ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ "እመን፣ በገደብ ትወጣለህ" የሚል ቃል ማንንም ዳኛ አያስገድድም። ፖሊስም ይበለው፣ ዘመድም ይበለው። ቅጣት የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው፤ የሚመራውም በሕጉና በቅጣት አወሳሰን መመሪያው ነው። ሁለተኛ፣ ክሱ ብዙ ከሆነ ለእያንዳንዱ ለየብቻ መልስ ይሰጣል። አንደኛውን አምኖ ሁለተኛውን መካድ ይቻላል። "አዎ" ብሎ በጅምላ መጠቅለል አያስፈልግም።

ሦስተኛው ለብቻው መነገር ያለበት ነው። "ጣቢያ እያለሁ አምኛለሁ፣ አሁን እንዴት እክዳለሁ?" የሚሉ ሰዎች አሉ። ለፖሊስ የተሰጠ ቃል (አንቀጽ 27) ወይም በምርመራ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተመዘገበ ቃል (አንቀጽ 35) ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። የእምነት ክህደት ቃል ግን አይደለም። ችሎት ላይ መልሱ እንደ አዲስ ይጠየቃል። በማስገደድ የተገኘ ቃል ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ማስረጃ አይሆንም። ተገድዶ የሰጠ ሰው ይህንኑ በግልጽ ለፍርድ ቤቱ ይናገር።

ሦስተኛ፦ "አዎ፣ ግን…"

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ብዙ መዝገብ የሚድነውም እዚሁ ነው። ስለዚህ ቆም ብለን እንየው።

አንድ ሹፌር ሰው ገጭቶ ሰው ሞተ እንበል። ገጭቷል፤ መካድ አይችልም፤ ሕሊናውም አይፈቅድለትም። ችሎት ላይ "አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ" ይላል። ቀና ሰው ነው። ግን ምን ብሎ ነው ያመነው? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በደረጃ ከፍሎታል። እንደ ሹፌር ያለ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በንዑስ አንቀጽ 2 ሲከሰስ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል፤ ደንብን ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ፣ ጠጥቶ ከሆነ ወይም የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ። ክሱ በንዑስ አንቀጽ 3 ቀርቦ "አዎ" ያለ ሹፌር መግጨቱን ብቻ አላመነም። ደንቡን እያወቀ መጣሱንም አምኗል። የሁለቱ ልዩነት ዓመታት ነው።

ለዚህ ሹፌር ትክክለኛው መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "መኪናውን ሳሽከረክር ሰው ገጭቻለሁ፣ ሟች በዚህ ሞቷል። ደንብ ሆን ብዬ አልጣስኩም። በተከሰስኩበት አንቀጽ ጥፋተኛ አይደለሁም።" ፍርድ ቤቱ ይህን እንደ ክህደት ይመዘግበዋል፤ ክሱን ሙሉ በሙሉ ያላመነ ሰው እንደካደ ይቆጠራልና። ዐቃቤ ሕግም "ሆን ብሎ" የሚለውን ማስረዳት ይጠበቅበታል። የሰበር ሰሚ ችሎት (መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት) ድረስ የደረሱ የትራፊክ መዝገቦች አሉ፤ ጠበቃችሁ እንዲያያቸው ጠይቁ። ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

ጠብ ውስጥ የገባ ሰውም እንዲሁ ነው። "መታሁት፣ ግን ቀድሞ በቢላ መጣብኝ" የሚለው መልስ የሕጋዊ መከላከል ክርክር ነው (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78)። አጥቂው ካመለጠ በኋላ ተከትሎ መትቶት ከሆነ ግን "ግን" ያለው ነገር አያድነውም።

የዚህ መንገድ አደጋ የሚወጣው ቃል ነው። "አዎ" የተባለው ክፍል መዝገብ ላይ ይቀራል። "እኔ አልነበርኩም" የሚል መከላከያ ካለ ይህን መንገድ መንካት የለበትም፤ ቦታው ላይ መሆኑን ካመነ በኋላ "አልነበርኩም" የሚል ምስክር ማምጣት ሁለቱንም ያፈርሳል። መልሱን ከጠበቃ ጋር በወረቀት ላይ ጽፎ፣ ቃል በቃል ተለማምዶ መቅረብ ነው የሚሻለው። አጭር ይሁን። ችሎት ላይ ታሪክ መተረክ ማንንም ረድቶ አያውቅም።

አራተኛ፦ ክዶ መከራከር

ሲካድ ሸክሙ ሁሉ ዐቃቤ ሕግ ላይ ይቆያል። ምስክሮቹን ያሰማል፤ ተከሳሹ ወይም ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃል። ማስረጃው ክሱን ካላስረዳ ፍርድ ቤቱ መከላከያ ሳይጠይቅ በነጻ ያሰናብታል (አንቀጽ 141)። ካስረዳ "ይከላከል" የሚል ብይን ይሰጣል። ያኔ ተከሳሹ ቃሉን መስጠትና ምስክሮቹን መጥራት ይችላል (አንቀጽ 142)። በሚሰጠው ቃል ላይ ዐቃቤ ሕግ መስቀለኛ ጥያቄ አያነሳበትም። ፍርድ ቤቱ ግልጽ ያልሆነውን ሊጠይቀው ይችላል።

"ክደህ ከተረታህ ቅጣቱ ይከብድብሃል" የሚባለው በከፊል ብቻ ነው እውነት። መካድ በራሱ ቅጣት ማክበጃ አይደለም። የሚቀረው የጸጸት ማቅለያው ነው። የቀድሞ መልካም ጠባይና ሌሎቹ ማቅለያዎች አሁንም ሊነሱ ይችላሉ። ይግባኙም በጥፋተኝነቱም በቅጣቱም ላይ ክፍት ነው።

ዋጋው ጊዜ ነው። ምስክር ይቀራል፣ መጥሪያ አልደረሰም ይባላል፣ ቀጠሮ ይተላለፋል። በዋስ ወጥቶ የሚከራከርና ማረሚያ ቤት ሆኖ የሚከራከር ሰው ይህን ጊዜ እኩል አይለኩትም። ቀላል ወንጀል ተከሶ የታሰረ ሰው "ባምን ዛሬ እወጣለሁ" የሚለው ለዚህ ነው። እኔ የምለው፣ ከእምነቱ በፊት ዋስትናው ይጠየቅ። ዋስትና ከተከለከለም በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል (አንቀጽ 75)። በእስር የቆየበት ጊዜ ከቅጣቱ እንደሚታሰብለትም ይወቅ። ያላደረጉትን ማመን የሚያተርፈው ቀን አለ፤ የወንጀል ሪከርዱ ግን ከዚያ በኋላ ለሥራም ለጉዞም አብሮ ይዞራል።

ነጻ መውጣትም የሁሉም ነገር መጨረሻ አይደለም። ተጎጂው በፍትሐ ብሔር ካሳ ቢከስ፣ ያ ፍርድ ቤት በወንጀሉ ነጻ መባሉን የመከተል ግዴታ የለበትም (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2149)።

አምስተኛ፦ ዝም ማለት

ውጤቱ ከመካድ ጋር አንድ ነው። ዝም ያለ ተከሳሽ እንደካደ ይመዘገብለታል። በራሱ ላይ እንዲመሰክርም አይገደድም። የሚጠቅመው ሰው ግራ ሲጋባ ነው፤ ክሱን ካልተረዳው፣ ጠበቃው ካልደረሰ። ከዝምታ ይልቅ ግን አጭር ቀጠሮ መጠየቅ ይሻላል።

በአንድ እይታ

| ምርጫ | የማስረዳት ሸክም | ቅጣት ላይ | ይግባኝ | መመለስ | ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| መቃወሚያ | እንዳለ ነው | አይነካም | ሙሉ | ሁሉም በር ክፍት ነው | አንድ ሁለት ቀጠሮ ይጨምራል |
| ሙሉ እምነት | ይቀራል | ማቅለያ ሊሆን ይችላል | በቅጣት ላይ ብቻ | ጠባብ፣ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ | አጭር |
| "አዎ፣ ግን…" | በተካደው ክፍል ላይ ይቆያል | አንቀጹን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል | ሙሉ | የታመነው መዝገብ ላይ ይቀራል | መካከለኛ |
| ክህደት | ሙሉ በሙሉ በዐቃቤ ሕግ ላይ | የጸጸት ማቅለያ ይቀራል | ሙሉ | በኋላም ማመን ይቻላል | ረጅም |
| ዝምታ | እንደ ክህደት | እንደ ክህደት | ሙሉ | በኋላ መናገር ይቻላል | ረጅም |

ለማን የቱ?

ድርጊቱን በትክክል ለፈጸመ፣ ማስረጃው ለበዛበትና ተጎጂውን ለካሰ ሰው፣ ሙሉ እምነት። ግን ክሱ ላይ የተጻፈው አንቀጽ ድርጊቱን በልኩ የሚገልጽ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ።

ድርጊቱን ፈጽሞ አንቀጹ ለከበደበት ሰው፣ "አዎ፣ ግን…"። ሹፌሮች፣ ጠብ ውስጥ የገቡ ሰዎች፣ ገንዘብ ያጎደሉ ግን "ለራሴ አልወሰድኩም" የሚሉ ሠራተኞች አብዛኞቹ እዚህ ይመደባሉ።

ያላደረገ ሰው ይካድ። ይህን መጻፍ ያለብኝ አይመስለኝም ነበር፤ ግን ለመገላገል ብለው የሚያምኑ አሉ።

ክሱ ቀኑ ያለፈ፣ ድሮ የተፈረደበት ወይም ምን እንደሚል የማይገባ ከሆነ ከሁሉም በፊት መቃወሚያ። እንደ ስድብ ያለ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይመርመር። ተበዳዩ ወንጀሉን ወይም አድራጊውን ካወቀ በ3 ወር ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ነበረበት። እዚህ ላይ ሽማግሌ ልኮ መታረቅ ከሁሉም መንገድ ይረክሳል።

በጀትን በተመለከተ

የግል ጠበቃ አቅም ያለው፣ ክፍያውን ደረጃ በደረጃ ይዋዋል፤ እስከ ብይን፣ እስከ ፍርድ፣ ይግባኝ ለብቻ። "እስከ መጨረሻው" የሚል ውል ኋላ ያጣላል። ዋናው ጥያቄ የክፍያው መጠን አይደለም። ጠበቃው መልሱ ከመሰጠቱ በፊት መዝገቡን አንብቧል ወይ ነው። ለአንድ ምክክር ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው፣ ያችን ገንዘብ ከእምነት ክህደቱ ቀን በፊት ያውጣት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጠበቃ የሚሠራው በተነገረው ላይ ነው።

ምንም ለሌለው ሰው የተከላካይ ጠበቃ አለ፤ በፌዴራል ደረጃ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥር ያለ አገልግሎት ነው። ዳኛውን በቃል መጠየቅ ይበቃል። የተከላካይ ጠበቆች መዝገብ ይበዛባቸዋል፤ ስለዚህ ተከሳሹ ወይም ቤተሰቡ የምስክሮችን ስም፣ ቀኑንና ሰነዶቹን በአንድ ገጽ ጽፎ ቢሰጣቸው ሥራቸው ይቀላል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

የትኛውም መንገድ ተመርጦ ፍርዱ ካልተስማማ የይግባኝ ቀኑ መቁጠር የሚጀምረው ወዲያው ነው። ፍርዱ በተነገረ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚጠየቅ ማስታወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ማስገባት ያስፈልጋል (አንቀጽ 187)። ግልባጩን ያን ዕለቱን ጠይቁ፤ የደረሳችሁበትን ቀንም ከላዩ ላይ ጻፉበት።